ከአልጋ በፊት የገባው ስዕል

አዲሱ ቤት ውስጥ ከአልጋው በፊት ስዕሉ ገባ።

ቀያሹ ባሏ ዕቃ ከመጫናቸው አንድ ቀን ቀድሞ «ቤቱን ልጥረግ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ እሷ ከጭነት መኪናው ጋር ስትደርስ ቤቱ አልተጠረገም፤ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ግን ስዕል ተሰቅሏል። ሐይቅ ዳር የቆመች ጀልባ ናት፤ በጥቁርና በሰማያዊ የታተመች፣ ዙሪያዋን ነጭ ካርቶን የተደረገላት፣ በመስታወትና በጥቁር ፍሬም የተያዘች። ስዕሉ ክፉ አልነበረም። የተሰቀለው ግን በጉልበቷ ልክ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ስዕል።»

«እሱማ ታየኝ። ለምን እታች?»

«ዘመናዊ አሰቃቀል ነው። ሶፋ ላይ ስትቀመጪ በዓይንሽ ትክክል ይሆናል።»

ሶፋው ገብቶ ተቀመጠችበት። ጀልባዋ አሁንም በጉልበቷ ልክ ነበረች።

ሰውየው ስዕል ወዳድ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። በስድስት ዓመት ትዳራቸው ግን ባሏ ግድግዳ ላይ ያለ ስዕል ትኩር ብሎ ሲያይ ያየችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ሲጠብቅ። ስዕሉም የመንጋጋ ነበር።

እሷ የምትሠራው መድኃኒት ቤት ነው። አንድ ዕቃ እጇ ሲገባ ከስሙ በፊት ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን ትፈልጋለች፤ ይሄ ልማድ ከነጭ ካፖርቷ ጋር አብሮ አይወልቅም። እናቷ «አንቺ እኮ ሰው ሰላም ሲልሽም ገልብጠሽ ቀኑን ታያለሽ» ይሏታል።

ባሏ ደግሞ ቀን ጸሐፊ ነው። ቀኑን ሙሉ መሬት ሲለካ የዋለ ሰው ቤቱ ገብቶም የነካውን ይለካል፤ የለካውን ሁሉ ቀን ይጽፍበታል። የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ ሲቀይር ከጀርባው ቀን ይጽፋል። ወተት ሲከፍት ቀን። አምፖል ሲገጥም እንኳ አንገቱ ላይ፣ ከኪሱ በማትጠፋው አጭር እርሳስ፣ በደቃቅ ቁጥር። ለምን ቢሉት መልሱ አንድ ነው፤ «ቀን የሌለው ልኬት ወሬ ነው።» እሱ ይጽፋል፣ እሷ ታነባለች። ወዳጅ ዘመድ እንደ ድስትና ክዳኑ ተገጣጠሙ ይላቸው ነበር።

ቤቱን ያገኘው እሱ ነው። በስድስት ዓመት አምስት ቤት ተከራይተዋል፤ አምስት ጊዜ አልጋ ፈትተው አምስት ጊዜ ገጥመዋል፤ በመጨረሻው ጊዜ የአልጋው ብሎን ጠፍቶ አንዱን እግር በመጽሐፍ ደግፈው ከርመዋል። ስለዚህ እሱ ከደላላው ጋር ሦስት ጊዜ ሄዶ አይቶ «ይሄማ አይታለፍም» ሲላት አልተከራከረችም። እሷ ያየችው አንዴ፣ ከሥራ ስትመለስ በጥድፊያ ነው። ያን ቀን፣ አሁን ጀልባዋ ባለችበት ቦታ ላይ የሻጩ ባለአራት በር ቁም ሣጥን ቆሞ ነበር።

«ሳሎን ውስጥ ቁም ሣጥን ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀች።

«የሰው ጠባይ ምን ይታወቃል እመቤት» ብሎ ደላላው ሳቀ። ባሏም አብሮ ሳቀ።

የግዢውን ውል የፈረሙት በአምስተኛው ወር፣ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ቀን አትረሳም።

ሁለተኛው ስዕል በገቡ በወሩ ገደማ መጣ። ሁለት ፍሬ ሎሚ ነው፤ ከጀልባዋ በስተቀኝ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ተሰቀለ። ሦስተኛው ፈረስ ነበር፤ ከሎሚው በስተቀኝ፣ ይበልጥ ከፍ ብሎ። ፈረሱ እግር የለውም። ሆዱ ጋ ሲደርስ ፍሬሙ ይቆርጠዋል።

«ይሄስ ምን የሚሉት ነው?»

«ደረጃ አሰቃቀል ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም» ብሎ ወደ ወጥ ቤት ገባ።

አንድ ቀን አቧራቸውን ልታራግፍ ጀልባዋን ከግርጌ ነካ ስታደርጋት ፍንክች አላለችም። ጎንበስ ብላ አየች። ሰው ስዕል በሚስማርና በሽቦ ያንጠለጥላል፤ ይሄኛው በአራት ጥጉ በብሎን ግድግዳው ላይ ጠብቆ ታስሯል። ሎሚውም እንደዚያው፤ ፈረሱም እንደዚያው። ከሥራቸው ወለሉ ላይ ደግሞ ዱቄት የመሰለ ነጭ ብናኝ ነበር። በጣቷ አንስታ አሸት አድርጋ ሳለ እሱ ከኋላዋ ደረሰ።

«አትንኪው፣ መስታወቱ ይጫጫራል። እኔ አጸዳዋለሁ።»

አንድ ብርጭቆ አጥቦ የማያውቅ ሰው! በዚያን ቀን ጨርቅ አርጥቦ ስዕል ሲወለውል ቆማ አየችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እሷ ግን ባሏ የደበቀው በሽታ ይሁን ሌላ ገና አላወቀችም።

እናቷ ክፍላቸውን ሊያዩ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። ለብቻቸው መኖሩ ከብዷቸዋል፤ ባለሁለት ክፍል ቤታቸውን ሸጠው ከልጃቸው ጋር ሊገቡ ነው። ገዢ ተገኝቷል፤ ፊርማው ሐሙስ ጠዋት ነው። ክፍላቸው ከሳሎኑ ግድግዳ ጀርባ ያለው ነው፤ አልጋቸው ቀድሞ መጥቶ ተነጥፏል። መጋረጃቸውን ለጎረቤት ሰጥተዋል፤ ድስቶቻቸውን አከፋፍለዋል። የሚፈርሙት ከዚያ ወዲያ መመለሻ የሌለውን ነገር ነው፤ በሰባ አንድ ዓመት ሁለተኛ ቤት አይገኝም።

ሳሎኑ መሃል ቆመው ጀልባዋን ቁልቁል አዩዋት።

«ልጄ፣ ይቺን የሰቀላችኋት ለድመት ነው?»

«ድመት የለንም እማዬ።»

«እንግዲያስ ለአይጥ ነዋ።»

ባሏ ሳቀ። ከቀልዱ በላይ ሳቀ። አማቱ «እንዲህ የሚያስቅ ነገር ተናግሬ አላውቅም» ብለው እስኪገረሙ ድረስ። ልጅቱ ሳቁን ጆሮዋ ውስጥ አስቀመጠችው።

ማክሰኞ ማታ ሸሚዙን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ አንድ ቁራጭ ወረቀት ወጣ፤ «30 በ 30፤ ረቡዕ፤ እንደተለመደው»። የሱ ጽሕፈት አይደለም። ክብ ክብ ያለ፣ ለዓይን የሚጥም፣ ጫፉ ላይ አበባ የተሳለበት ጽሕፈት ነው። ከግርጌው የሱቅ አድራሻ አለ።

እንደተለመደው! ቆማ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ባል ስዕል መውደድ የሚጀምረው ሠዓሊቱን ሲወድ ነው ብላ ደመደመች። ሸሚዙን ሳታጥበው ተኛች።

በማግስቱ ከመድኃኒት ቤቱ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። አድራሻው ከአንድ ጫማ ጠጋኝ አጠገብ ጣላት።

«እዚህ አካባቢ ስዕል የምትሸጥ ሴት አለች?» አለችው ጠጋኙን።

«ስዕል ከሆነ ግማሽ ሚሊ የምንለው ሰውዬ ነው» አለ በአገጩ ወደ ጎን እያመለከተ። «ሴት ግን አይደለም። ቢሆን ኖሮ እስካሁን እኔ አገባው ነበር።»

ግማሽ ሚሊ ወፍራም፣ መላጣ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ሽማግሌ ሆኖ ተገኘ። ግድግዳው በሙሉ ጥግ ጥግ ብቻ በሆኑ የፍሬም ናሙናዎች ተሸፍኗል፤ ሱቁ የእንጨት ሙጫና የብናኝ ሽታ አለው። ሽማግሌው ሁለት ሰያፍ የተቆረጡ እንጨቶችን ጥግ ለጥግ ገጥሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያቸዋል።

«ግማሽ ሚሊ ይቀረዋል» አለ ለራሱ። ከዚያ ለሷ፤ «ግቢ ልጄ። ቆመሽ ብርሃን አትከልክይኝ።»

ወረቀቱን ዘረጋችለት። «ይሄን ማን ጻፈው ጋሼ?»

«እኔ ነኝ። ምን አጎደለ?»

«አበባውንም?»

«ወጣት ሳለሁ ታፔላ ጸሐፊ ነበርኩ። እጅ ልማዱን አይረሳም።» መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና አያት። «የቀያሹ ሚስት ነሽ!»

«በምን አወቁ?»

«ተቆጥተሽ ነዋ የመጣሽው። እኔም ብሆን እቆጣ ነበር። ፈረሱን አየሽው? እጄ ይቆረጥ!»

ወንበር ላይ ያለውን ካርቶን አንስቶ አስቀመጣትና፣ አንድ የሚሰማው ሰው እንደናፈቀ ሁሉ ዘረገፈው።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ፍሬም ሠርቻለሁ። ሰው ስዕል ይዞ ይመጣል፣ ፍሬም ይጠይቀኛል። ባልሽ ባዶ እጁን ይመጣና ልክ ይነግረኛል፤ ሃምሳ በሰባ። ምን ስዕል ይገባበት ስለው የሚገባው ይግባበት ይላል። ስዕል ምረጥ ብዬ ማህደር ስዘረጋለት በሜትር ይለካቸዋል። እይ እንጂ ጌታው፣ ስዕል በዓይን ነው የሚታይ፣ አልኩት። ‹ይሄ ይበቃል› ብሎኝ ሎሚውን አነሳ። ልብስ ሰፍቶ ሰው የሚፈልግ ታውቂያለሽ? ባልሽ ነው።»

«ፈረሱስ?»

«ፈረሱ ከፍሬሙ በአንድ ጋት ይረዝማል። ሌላ ፍሬም ልሥራልህ አልኩት። እምቢ፣ ስዕሉን ቁረጠው አለኝ። ከእንጨት ተቀርጾ የታተመ ሥራ እኮ ነው! ከግርጌው የሠዓሊው ስም በእርሳስ፣ ስንተኛው ቅጂ እንደሆነ በቁጥር... እግሩንም ስሙንም ቆረጥኩት።» ከመሳቢያ ፖስታ አወጣ። ውስጡ አንድ ጠባብ የወረቀት ቁራጭ አለ፤ አራት እግር፣ የእርሳስ ፊርማ፣ «6/20»። «መጣል አቃተኝ። አንድ ቀን ሰው ይጠይቀኝ ይሆናል ብዬ አስቀመጥኩት። ውሰጂው።»

ፖስታውን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሴት የለችም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ አላላትም። ጥርጣሬዋ አልጠፋም፤ መቀመጫውን ብቻ ቀየረ።

«በብሎን እንዲታሰር ያደረጉት እርስዎ ነዎት?»

«እሱ ነው ያዘዘኝ። ስዕል በዓይን ልክ ነው የሚሰቀለው፣ በሽቦ ነው የሚንጠለጠለው ብዬ ለመንኩት። ‹እንዳይነሳ ነው የምፈልገው› አለኝ። እንዳይወድቅ ማለትህ ነው? ስለው ሂሳቡን ከፍሎኝ ወጣ።» ሽማግሌው ድምፁን ቀነስ አደረገ። «እኔ ምን አገባኝ ልጄ። ግን ስዕል የማይወድ ሰው አራት ስዕል ሲገዛ፣ የሚወደው ስዕሉን ሳይሆን መሸፈኑን ነው። አራተኛው ይሄው፣ ሠላሳ በሠላሳ። ማታ ስዕል ሊለካለት ይመጣል።»

ፍሬሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ መስታወቱ ገብቷል፣ ጀርባው ገና ክፍት ነው።

«እኔ ልውሰደው» አለች። «ስዕሉን እኔ መርጫለሁ። ካቻቢቴም ያውሱኝ።»

«እስከ ማታ ትመልሽልኛለሽ?»

«ሱቅ ሳይዘጉ እመጣለሁ ጋሼ።»

ቤት የገባችው ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ባሏ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አይመጣም። ጫማዋን ሳታወልቅ ጀልባዋ ፊት ተንበረከከች። ዐሥራ ሁለት ብሎን ነው፤ አራቱ ሲወልቁ መዳፏ ተላጠ። ጀልባዋን አንስታ ወደ ጎን አደረገች።

ስንጥቅ ነው።

ከወለሉ ጥግ ይነሳል፤ ሰያፍ እየሄደ ወደ ቀኝ ይወጣል። ሎሚውን አወረደች፤ ስንጥቁ እዚያም አለ፣ እየሰፋ። ፈረሱን አወረደች፤ ከፈረሱ ጀርባ ስንጥቁ ከፍሬሙ አናት ብቅ ሊል አንድ ጣት ብቻ ቀርቶት ነበር። አራተኛው ስዕል ለምን እንደታዘዘ ገባት። ከስንጥቁ በላይኛው አፍ ትንሽ ጣቷን ከተተች፤ ጥፍሯ ሙሉ ገባ። ከወዲያኛው ወገን የእናቷ አልጋ ራስጌ አለ።

ግድግዳው ባይናገርም ባሏ ጽፎበታል። ስንጥቁ በየደረሰበት ጫፍ ላይ አጭር የእርሳስ መስመር፣ ከመስመሩ አጠገብ ቀን። ከላይ ጀምራ ወደ ታች አነበበች፤ 6/8። 11/7። 19/6። 25/5፤ ይሄ «ልጥረግ» ያለበት ቀን ነው። እስከዚህ ድረስ የተሰማት ንዴት ብቻ ነበር። ቤት ገዝተው ገብተው፣ ስንጥቅ አግኝቶ፣ ፈርቶ ደበቀ። ፈሪ ባል በምድር ላይ የመጀመሪያው አይደለም።

ከ25/5 በታች ግን ሌላ መስመር አለ። ስንጥቁ ገና ስንዝር ሳይሞላ የተሰመረ። ግንባሯ ወለሉን ሊነካ ጎነበሰች።

28/4።

አናቷ ክፍት የሆነች አራት። የሱ አራት።

ውሉ 12/5 ነው። ቁም ሣጥኑ ቆሞበት፣ ሻጩ ወደ ጎን ገፋ አድርጎለት፣ ባሏ አይቶ፣ ለክቶ፣ መቼም ልማድ ነውና ቀን ጽፎበት፣ ቁም ሣጥኑ ወደ ቦታው ተመልሶ፣ ከዚያ እሷን አምጥቶ አሳያት። ደላላው ሲስቅ አብሮ ሳቀ። በዐሥራ አራተኛው ቀን እስክሪብቶውን ገፍቶ «እዚህ ጋ ፈርሚ» አላት።

ስልኳን አነሳች።

«እማዬ፣ ነገ እንዳትፈርሚ።»

«ምን ሆነሽ ነው? ሰዎቹ እኮ ጠዋት ይመጣሉ!»

«ይምጡ። ሐሳቤን ቀይሬያለሁ በያቸው።»

«ድስቴን ሁሉ ሰጥቼ? ባልሽ ትናንት ደውሎ ‹አይዞዎት፣ ክፍሉ ተዘጋጅቷል› ብሎኝ?»

«ትናንት ደወለ?»

«አዎ። ቶሎ ይጨርሱ አለኝ።»

«ግድግዳው ተሰንጥቋል እማዬ። ከአልጋሽ ራስጌ። ስዕሎቹ የተሰቀሉት እሱን ለመሸፈን ነው።»

ከዚያ እናቷ «እኔ ደግሞ እውነት ለድመት መስሎኝ» አሉ። ድምፃቸው ግን አልሳቀም። «ድስቶቹን ማታ ዞሬ እሰበስባለሁ። አንቺ ግን በልተሻል?»

ስልኩን ዘጋች። ጊዜ ነበራት። አራተኛውን ፍሬም አነሳች፤ ውስጡ መስታወት እንጂ ስዕል የለም፣ ጀርባውም ክፍት ነው። 28/4 መሃሉ ላይ እንድትሆን አስተካክላ፣ በጀልባዋ ብሎኖች ልስኑ ላይ ጠምዝዛ አሰረችው። ወደ ኋላ ሄዳ አየችው። ግማሽ ሚሊ ያዘነበለ ይመስላል። አስተካከለችው።

ባሏ በሰዓቱ መጣ። ዳቦ ይዟል። በሩን በጀርባው ገፍቶ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየው ወለሉ ላይ የተደገፉትን ስዕሎች ነው፤ ከዚያ ከወለሉ ጥግ ሰያፍ የወጣውን ስንጥቅ፤ መጨረሻ ላይ ከጉልበት በታች ያለውን ትንሽ ፍሬም። ጎንበስ አላለም። ምን እንደተጻፈ ያውቃል።

«ግማሽ ሚሊ ጋ ሄድሽ» አለ።

«ዘመናዊ አሰቃቀል ነው» አለችው።

ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ልስን ነው። ስሚኝ፣ ልስኑ ነው እንጂ ግድግዳው አይደለም። ያን ጊዜ ስንዝር አይሞላም ነበር፤ ይቆማል ብዬ ነው።»

«ቆመ?»

ዳቦውን ወደ ጠረጴዛው መሃል ገፋ አደረገው።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትፈርሚ ነበር?»

«አልፈርምም።»

«ታዲያ!» አለ፤ ክርክሩን ያሸነፈ ይመስል። «ስድስተኛ ቤት ልንከራይ ነበር። አልጋ ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ስወርድ ልሞት ነበር። ለሁለታችን ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ለሁለታችን። እናቴን ትናንት ደውለህ ቶሎ ይፈርሙ ያልካቸውስ ለስንታችን ነው?»

«ከሐሙስ በኋላ ልነግርሽ ነበር።»

«ከሐሙስ በኋላ።»

«እሳቸው ከገቡ በኋላ ተረጋግተን... መሐንዲስ ጠርተን... መሄጃ ሲጠፋ ሰው ይረጋጋል።» አፉን ያዝ አደረገ። አምልጦታል። መሄጃ እንዲጠፋ ነበር የተፈለገው።

አልጮኸችም። መድኃኒት ቤት ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ሲገኝ አይጮህበትም፤ ከመደርደሪያው ይወርዳል።

«ልስን ነው አልክ?»

«ልስን ነው። እምልልሻለሁ።»

«አትማል። እማዬ ክፍል አልጋው ተነጥፏል፤ ራስጌው ወደዚህ ግድግዳ ነው። ዛሬ እዚያ ተኛ።»

ወደ ክፍሉ በር አየ። ወደ ስንጥቁ አየ፤ ዓይኑ ከታች ተነስቶ ሰያፉን ተከትሎ እስከ ጫፉ ሄደ። እጁ ሳያውቀው ኪሱ ገብቶ እርሳሷን ያዘ።

«ሶፋው ይሻለኛል» አለ።

ከአፉ ከወጣ በኋላ ምን እንዳለ ገባው። ሶፋው ከዚያ ግድግዳ በጣም ርቆ፣ በበሩ አጠገብ ነበር። የሶፋውን ቦታ የመረጠውም እሱ ነው።

ቦርሳዋን አነገተች። ፈረሱን ብብቷ ሥር ሸጎጠችው፤ እግሮቹ ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው። ካቻቢቴውንም ያዘች፤ ሱቁ ሳይዘጋ መድረስ አለባት፣ ከዚያ ወደ እናቷ ቤት።

«የት ልትሄጂ ነው? መቼ ትመለሻለሽ?»

በሩን ከፈተች።

«‹ሶፋው ይሻለኛል› ያልካት ላይ» አለችው፣ «ቀን ጻፍባት።»